ቡናውን እንመዝናለን፤ ልጁንስ?

ባለፈው ገና ልጆቼን ይዤ እናቴ ዘንድ ሰነበትኩ። ቤቷ ከሚዛን ተፈሪ ከተማ ወጣ ብሎ ቁልቁለት ላይ ነው። ወቅቱ የቡና ነውና ግቢው በሙሉ ጀንፈል ተሰጥቶበታል፤ በየጥጉ ዶሮ የሚያባርር ልጅ ተቀምጧል። ረፋዱ ላይ የሰፈራችን ቡና ገዢ ሚዛኑን ይዞ መጣና ከማንጎው ቅርንጫፍ ላይ አንጠለጠለው።

እናቴ የሚዛኑን መርፌ የምታየው ዓይኗን ሳትነቅል ነው። ሩብ ኪሎ የጎደለች ከመሰላት፣ “ልጄ፣ እስቲ ደግመህ ስቀለው” ትላለች። እሱም አይቆጣም፤ ደግሞ ይሰቅለዋል። ዓመት ሙሉ የተለፋበት ቡና ነውና ሁለቱም ያውቁታል።

በዚህ መሃል የእህቴ ልጅ ከምንጭ ተመለሰች። 8 ዓመቷ ነው። ባለ 10 ሊትር ጀሪካን በገመድ አዝላ፣ አንገቷን ወደ ፊት ሰብራ ገባችና ውሃውን ደጃፉ ላይ አስቀመጠችው። ወዲያው ግን ድካሟን ረሳችው። ሚዛኑን ስታይ ሮጣ መንጠቆውን በሁለት እጆቿ ያዘችና ተንጠለጠለች። ልጅ ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ እኛም በልጅነታችን አድርገነዋል።

ገዢው እየሣቀ አነበበላት፦ “22 ኪሎ! እማማ፣ ይቺ ገና እሸት ናት፤ ሌላ ጊዜ እንመዝናታለን።”

ሁላችንም ሣቅን። የእኔ ልጅ ግን፣ የከተማ ልጅ አይደል፣ ጥያቄ አያልቅበትም፤ “ጀሪካኑስ ስንት ነው?” አለ። አንሥቶ ሰቀለው። መርፌው 10 ኪሎ ተኩል ላይ ቆመ።

ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። እናቴ በቡና ሒሳብ ማንም አይቀድማትም። ልጅቷን አየች፤ ጀሪካኑን አየች፤ “ግማሿን እኮ ነው!” አለች። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ጠዋት ለ10 ሊትር ነው ወይ የምትነጫነጪው ብዬ ተቆጥቻት ነበር” አለችኝ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ያ የሚዛን መርፌ ነው። ከሚዛን እስከ ቴፒ፣ ከቤበቃ እስከ ቦንጋ መንገድ፣ ቡና ባለበት ቀዬ ሁሉ ሚዛን አለ። ቡናውን በኪሎና በፈረሱላ እናውቀዋለን። የልጆቻችንን ኪሎ የሚያውቅ ግን ስንቱ ነው? በጀርባቸው የምናስቀምጠውንስ?

የአዋቂ ዕቃ በልጅ ጀርባ

ቢጫው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከቤታችን ዕቃዎች ሁሉ የተለመደው ነው። ዘይቱ ሲያልቅ ለውሃ ይሆናል፤ ውሃ መያዝ ሲያቅተው ለሌላ ነገር ይውላል። ከየት እንደመጣ ግን ብዙዎቻችን አናስበውም።

ጀሪካን መጀመሪያ የተሠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930ዎቹ በጀርመን አገር ነው። የተሠራውም ለጦር ሠራዊት፣ ከብረት፣ ነዳጅ ለመያዝ ነበር። ስሙም እንግሊዞች ጀርመኖችን “ጄሪ” እያሉ ይጠሩ ከነበረበት ቅጽል የመጣ ነው። ከላዩ ሦስት እጀታ ነበረው። ይህም የሆነበት ምክንያት ነበረው፦ ባዶውን አንድ ወታደር በአንድ እጁ ሁለት ሁለት እንዲይዝ፣ ሙሉውን ደግሞ ሁለት ወታደሮች ግራና ቀኝ ሆነው ተጋግዘው እንዲያነሡት።

እንግዲህ አስቡት። 20 ሊትር የሚለው መጠን የተመረጠው ለጎልማሳ ወታደር ጉልበት ነው። ያውም የሚሞላው ቤንዚን ነበር፤ ቤንዚን ደግሞ ከውሃ ይቀላል። 20 ሊትር ቤንዚን 15 ኪሎ ገደማ ሲሆን 20 ሊትር ውሃ ግን 20 ኪሎ ሙሉ ነው፤ የፕላስቲኩ ክብደት ሲጨመርበት 21 ይጠጋል። ዛሬ ያንን መጠን ከምንጭ ወደ ቤት የሚያመላልሱት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው።

እናቴ እንደምትለው በእሷ ልጅነት ነገሩ እንዲህ አልነበረም። እንስራ የአዋቂ ሴት ነበር፤ ልጅ የምትይዘው ገንቦ ወይም ቅል ነው። ልጅቷ ስታድግ ዕቃዋም አብሯት ያድግ ነበር። ጀሪካን ብዙ ነገር አቅልሎልናል፤ እንደ ሸክላ አይሰበርም፤ ባዶውም እንደ እንስራ አይከብድም። ነገር ግን አንድ ነገር ወስዶብናል፤ ለልጅ የሚሆነውን ትንሹን ዕቃ ከቤታችን አስወጥቶታል።

ሊትሩ ከኪሎ ጋር ሲተያይ

የአንድን ዕቃ መጠን ከሰው ኪሎ ጋር ማስተካከል በሌላው ዓለም እንግዳ ነገር አይደለም። ባሕር ባላቸው አገሮች በሞገድ ላይ ቆመው የሚንሸራተቱ ስፖርተኞችን በቴሌቪዥን አይታችሁ ይሆናል። እነዚህ ሰዎች የሚቆሙበትን ሳንቃ ሲመርጡ ዋናው ጥያቄ “ስንት ኪሎ ነህ?” የሚለው ነው። የሳንቃው ይዘት በሊትር ይገለጻል። ለከባድ ሰው ብዙ ሊትር፣ ለቀላል ሰው ያነሰ፣ ለጀማሪ ደግሞ እንዳይሰምጥበትና እንዳይገለበጥበት ከዚያ ጨመር ተደርጎ ይሰጠዋል። ሊትርና ኪሎን ለጨዋታ እንዲህ ካስተያዩ፣ እኛ በየዕለቱ በልጅ አከርካሪ ላይ ለምናስቀምጠው ውሃ ብናስተያይ ምን ያንሰናል?

የውሃ ሒሳብ ቀላል ነው። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው። የቀረው የልጁን ኪሎ ማወቅ ብቻ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የልጆች ዕድገት መለኪያ እንደሚያሳየው መካከለኛ ዕድገት ያለው የ6 ዓመት ልጅ 20 ኪሎ ገደማ ነው፤ የ8 ዓመት ልጅ 25፣ የ10 ዓመት ልጅ ደግሞ 31 ኪሎ ገደማ። ከዚህ ያነሰ ኪሎ ያለው ጤነኛ ልጅም አለ፤ የእህቴ ልጅ በ8 ዓመቷ 22 ኪሎ ናት። ስለዚህ ዕድሜውን ቆጥሮ መገመት አያስተማምንም፤ መመዘን ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። የ10 ዓመቷ ልጅ 31 ኪሎ ሆና ሙሉ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ብታዝል የክብደቷን ሁለት ሦስተኛ ተሸከመች ማለት ነው። የእህቴ ልጅ 10 ኪሎ ተኩል ስታዝል ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። እኔ 70 ኪሎ እመዝናለሁ። በእኔ ልክ ቢሰላ ከ33 ኪሎ ይበልጣል፤ 2 ፈረሱላ ሊሞላ ግማሽ ኪሎ ብቻ ይቀረዋል። ይህን አዝለህ ያንን ዳገት በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ውጣ ብባል የምመልሰውን እኔው አውቀዋለሁ።

ታዲያ ልኩ ስንት ነው? በዓለም ላይ በብዛት የተነገረው ስለ ተማሪዎች ቦርሳ ነው። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣችው የትምህርት ቤት ቦርሳ ፖሊሲ ቦርሳው ከልጁ ክብደት ከመቶ 10 እንዳይበልጥ ወስናለች። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ከመቶ ከ10 እስከ 20 ባለው መሃል እንዳያልፍ ይመክራል። ይህ እንግዲህ በሁለት ትከሻ ለሚነገት፣ ማሰሪያው ሰፊ ለሆነ፣ ይዘቱም ለማይናወጥ ቦርሳ ነው። በገመድ የሚታዘል፣ ሲራመዱበት የሚናወጥ፣ በጭቃ ዳገት የሚወጣ ውሃ ከዚህ ቢከፋ እንጂ አይሻልም። ስለዚህ በቤታችን ከመቶ ከ10 እስከ 15 ያለውን ብንይዝ ከጥንቃቄው ወገን ነን። ሲሰላ እንዲህ ይሆናል፦

20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከ2 እስከ 3 ሊትር፤
25 ኪሎ ለሚመዝን ከ2 ተኩል እስከ 3 ሊትር ተኩል፤
30 ኪሎ ለሚመዝን ከ3 እስከ 4 ሊትር ተኩል፤
40 ኪሎ ለሚመዝን ከ4 እስከ 6 ሊትር።

“ይቺን ታህል ውሃ ምን ልትሆን?” የምትሉ አትጠፉም። እናቴም ያለችው ይህንኑ ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

“እኛስ ተሸክመን አላደግንም ወይ?”

ይህ የአያቶች ጥያቄ ነው፤ እውነትም አለበት። አፍሪካውያን እናቶች ሸክም ያውቁበታል። እ.ኤ.አ. በ1986 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት በኬንያ የሉኦና የኪኩዩ ሴቶችን ተመልክቶ ነበር። ሉኦዎቹ በራሳቸው ላይ፣ ኪኩዩዎቹ ደግሞ በግንባራቸው በሚያልፍ ጠፍር በጀርባቸው ይሸከማሉ። ተመራማሪዎቹን ያስገረማቸው እነዚህ ሴቶች የክብደታቸውን ከመቶ 20 ያህል ተሸክመው ሲሄዱ ባዶ እጃቸውን ከሚሄዱት የበለጠ ጉልበት አለማውጣታቸው ነው። ከዚያ ሲያልፍ ግን ሸክሙ በጨመረ ቁጥር የሚወጣውም ጉልበት ይጨምራል።

ሁለት ነገር ልብ እንበል። እነዚያ ሴቶች አዋቂዎች ናቸው፤ በዓመታት ልምድ የተካኑም ናቸው። ለእነሱ እንኳ “ያለ ዋጋ” የሆነው ሸክም አንድ አምስተኛ ብቻ ነው። እኛ ግን ለ8 ዓመት ልጅ ግማሽ እንሰጣታለን።

ጉልበት ቻለው ማለትም አካል አልተጎዳም ማለት አይደለም። በደቡብ አፍሪካ ሊምፖፖ ክፍለ ሀገር ውሃ በሚሸከሙ ሰዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት የአንገትና የጀርባ ሕመም በተሸካሚዎቹ ዘንድ በብዛት የሚነገር ችግር መሆኑን አሳይቷል። የልጅ አጥንት ደግሞ ገና በማደግ ላይ ነው። በአጥንቶቹ ጫፍ አካባቢ አዲስ አጥንት የሚሠራበት ለስላሳ ክፍል አለ፤ እስከ አፍላነት መጨረሻ ድረስ ሙሉ በሙሉ አይጠነክርም። ከጠንካራው አጥንት ይልቅ ቶሎ የሚጎዳውም ይኸው ክፍል ነው።

ስለ ራሴ ቤት እውነቱን ልናገር። እኔና ታላቅ እህቴ አንድ ቤት ነው ያደግነው። ጀሪካኑን ያዘለችው እሷ ናት። እኔ ኳስ ስጫወት በአጠገቤ የምታልፈው እሷ ነበረች፤ አንድ ቀን እንኳ “አምጪ” ብዬ አላውቅም። ዛሬ እህቴ ከተቀመጠችበት የምትነሣው ወገቧን ይዛ ነው። ሐኪም “የሸክሙ ነው” ብሎ አልነገረኝም፤ እኔም አልፈርድም። ነገር ግን ልጇ አንገቷን ሰብራ ስትገባ ባየሁ ጊዜ የታየችኝ እህቴ ናት።

ቅርጫቱ፣ አንቀልባውና ቦርሳው

ነገሩ ውሃ ላይ ብቻ አያበቃም። በቡና ወቅት ቤተሰብ ሁሉ ይወጣል፤ ልጆችም ከትምህርት መልስና በቅዳሜ ይለቅማሉ። ከወላጅ ጎን ሆኖ ቀይ ቡና መልቀም ልጅ ሥራን የሚማርበት ነው፤ ይህን የሚነቅፍ የለም። ጥያቄው ቅርጫቱ ላይ ነው። እሸት ቡና አብዛኛው ክብደቱ ውሃ ነው። 1 ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ከ5 እስከ 6 ኪሎ እሸት ይለቀማል። ጀንፈል የሞላ ቅርጫት “እሱማ ችሎት ነበር” ያልነው ልጅ፣ ያንኑ ቅርጫት እሸት ሞልቶበት ሲያነሣው ሌላ ሸክም ነው የገጠመው። ለልጅ ትንሽ ቅርጫት ስጡትና ሲሞላ እዚያው ወደ ትልቁ ጆንያ ይገልብጥ። ጆንያውን ወደ ቤት የሚወስደው አዋቂ ይሁን።

ሌላው አንቀልባ ነው። 1 ዓመት የሞላው ሕፃን 9 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 22 ኪሎ የምትመዝን የ7 ዓመት ታላቅ እህቱ ስታዝለው የክብደቷን ከመቶ 40 ተሸከመች። ሕፃኑን እያጫወተች ተቀምጣ ብትጠብቀው ፍቅሩም ይበልጣል፤ አዝላው ገበያ መሄዱ ግን ለእናት ወይም ለአባት ይቅር።

የደብተር ቦርሳንም አንድ ቀን ሚዛን ላይ ስቀሉት። የዛሬ ፕሮግራም ያልሆነ ደብተርና መጽሐፍ ሁሉ በየቀኑ ይመላለሳል። ማታ ማታ ከልጁ ጋር ሆኖ ቦርሳውን ማራገፍ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሕጉ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርታቸው፣ በጤናቸውና በደኅንነታቸው ላይ ጉዳት የሚያደርስ ሥራ እንዲሠሩ እንዳይገደዱ ወይም እንዳይፈቀድ ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ቀድሞ 14 ዓመት የነበረውን የመቀጠሪያ ዝቅተኛ ዕድሜ ወደ 15 ከፍ አድርጎታል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉትን “ወጣት ሠራተኞች” ብሎ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ ይወስናል፤ ከባድ ነገር ማንሳት፣ መጎተት ወይም መግፋት ያለባቸውን የማጓጓዣና የመጋዘን ሥራዎችም ለእነሱ ከማይፈቀዱት መሃል ያነሣቸዋል።

ይህ አዋጅ ስለ ቅጥር ነው፤ እናት ልጇን ውሃ ላከች ብሎ የሚመጣ ተቆጣጣሪ የለም። ነገር ግን አንድ ነገር ያስተምረናል። ሕጉ ለ16 ዓመት ጎረምሳ ለሰው ቤት ሲሠራ ካዘነለት፣ እኛ ለራሳችን የ8 ዓመት ልጅ በራሳችን ቤት ብናዝን ወግ ነው።

ታዲያ ውሃውን ማን ያምጣው?

እናቴ የጠየቀችው ይህንን ነው። “እሺ፣ 3 ሊትር አመጣች፤ የቀረውን ዶሮዎቹ ያመጡልኛል?” አለች። ትክክል ናት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ለመሠረታዊ ፍላጎት ያስፈልጋል ይላል። 6 ሰው ያለበት ቤት 120 ሊትር፣ ማለትም 6 ሙሉ ጀሪካን ይፈልጋል። የልጅን ሸክም መቀነስ ብቻውን መልስ አይሆንም፤ ሸክሙን የሚያነሣ ሌላ መገኘት አለበት።

አንደኛው ጣሪያ ነው። የእኛ አካባቢ ከሀገራችን ዝናባማ ቦታዎች አንዱ ነው፤ አብዛኛውም ቤት ቆርቆሮ ለብሷል። በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። 5 በ6 ሜትር የሆነ ጣሪያ 30 ካሬ ነው፤ 10 ሚሊ ሜትር የወረደበት አንድ ከሰዓት በኋላ 300 ሊትር ያወርዳል። የሚፈስሰውንና የሚረጨውን ብንቀንስ እንኳ ከ200 ሊትር በላይ ይቀራል፤ 10 ጀሪካን ማለት ነው። የሚያስፈልገው አሸንዳና ክዳን ያለው በርሜል ነው። መጀመሪያ የሚወርደው ጣሪያውን የሚያጥበው ነውና ይደፋ። ለልብስ፣ ለዕቃና ለሰውነት ይሁን፤ ለመጠጥ ግን ይፈላ ወይም በውሃ ማከሚያ ይታከም። በርሜሉም ሁልጊዜ ይከደን፤ የወባ ትንኝ ክፍት ውሃ ትወዳለች። ታኅሣሥና ጥር ዝናቡ ስለሚቀንስ ይህ ዓመቱን ሁሉ አይበቃም፤ የብዙ ወራትን ሸክም ግን ያስቀራል።

ሁለተኛው መንኮራኩር ነው። በሌላው የሀገራችን ክፍል አህያ ይሸከማል፤ በእኛ ቆላማ ቦታዎች ግን ገንዲ የጋማ ከብትን ስለሚጎዳ ያ ቀላል አይደለም። መንገዱ ሜዳ ለሆነለት፣ በተለይ በቴፒና በዙሪያዋ፣ የእጅ ጋሪ በአንድ ጊዜ ብዙ ጀሪካን ያመጣል። ለሦስት አራት ቤት አንድ ጋሪ በጋራ ቢገዛ ዋጋውም ይቀላል።

ሦስተኛው እኛ ወንዶቹ ነን። 20 ሊትር ለ70 ኪሎ ሰው ከመቶ 30 ነው፤ ለእኛም ቢሆን ቀላል አይደለም። በቤት ውስጥ ለዚያ ሸክም ሰፊው ትከሻ ግን የእኛ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ።

ልጁ ሲሸከም

ልጅ ጭራሽ አይላክ ማለት አይደለም። መላላክ ልጅን ሰው ያደርገዋል። ሲላክ ግን፦

ትልቁን ዕቃ በጎዶሎ ከመስጠት ትንሹን ሞልቶ መስጠት ይሻላል። ጎዶሎ ጀሪካን ውስጥ ውሃው እየተናወጠ ልጁን ወዲያና ወዲህ ይጎትተዋል። ባለ 3 ሊትር የዘይት ጀሪካን ወይም ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ በየእጁ ይበቃል።

ሸክሙ ወደ ገላ የተጠጋ፣ በሁለቱም ወገን እኩል ይሁን። የሚታዘል ከሆነ ቀጭን ገመድ ትከሻ ይቆርጣል፤ በሰፊ ጨርቅ ይተካ።

ከመሬት አጎንብሶ ከማንሣት ከፍ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀብሎ ማዘል ይቀላል። ከመሬት ከሆነ ጉልበት አጥፎ ይነሣ።

ዳገትና ጭቃ ሲበዛ ሊትሩ ይቀነስ። መንገድ ላይ የሚያርፍበት ቦታም ይነገረው፤ ብዙ ልጅ ማረፍ ስንፍና ይመስለዋል።

ልጁ እጁን ከደነዘዘው፣ የጀርባው ወይም የአንገቱ ሕመም አድሮም ካልለቀቀው፣ ወይም አንድ ትከሻው ዝቅ ብሎ መሄድ ከጀመረ ሸክሙ ይቁምና ጤና ጣቢያ ይታይ።

ከሁሉ በፊት ደግሞ በየሦስትና አራት ወሩ ይመዘን። ቡና ገዢው ሲመጣ፣ ጤና ኬላ ሲሄድ፣ ባገኛችሁት ሚዛን ሁሉ።

በማግስቱ ጠዋት ቢጫውን ጀሪካን አዝዬ ወደ ምንጭ የወረድኩት እኔ ነኝ። ስመለስ ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ አረፍኩ። ጎረቤቶች በአጥር ላይ እያዩ “የአዲስ አበባው ሰው!” ብለው ሣቁብኝ። የእህቴ ልጅ ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ ይዛ ከፊቴ እየዘለለች ትወጣለች፤ ዞር እያለችም “አጎቴ፣ ደከመህ?” ትለኛለች። ደክሞኛል አልኳት። እውነቴን ነበር።

ወደ አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ እናቴ ደወለች። የቡናውን ዋጋ ነገረችኝ፤ አሸንዳ የሚሠራ ሰው ማግኘቷንም ነገረችኝ። ከዚያ፣ “ገዢው ትናንት መጥቶ ነበር” አለች፤ “ቡናውን ከመዘነ በኋላ ልጅቷን ስቀልልኝ አልኩት። 23 ገብታለች።”

በእናቴ ቤት ይህን ያህል ዘመን ስንት ነገር ተመዝኗል። ልጅ ሲመዘን፣ መርፌውንም እንደ ቡናው ዓይኗን ሳትነቅል ስትከታተለው ግን ይህ የመጀመሪያው ነው።